ቦርጭ ሲካፈል ለቁመት ካሬ

ቢኤምአይ ችሎቱ አጭር የሆነ ዳኛ ነው። ኪሎህን ይጠይቃል፣ ቁመትህን ይጠይቃል፣ ቁመቱን በራሱ ያባዛና ኪሎውን ለውጤቱ ያካፍላል፤ አለቀ። ከ18.5 በታች ከሆንክ ከሲታ፣ ከዚያ እስከ 25 ደህና፣ ከ25 ጀምሮ ወፍራም፣ 30 ከሞላህ ደግሞ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚነግርህ ዓይነት ወፍራም ነህ። ዳኛውን አልጠላውም። ቅሬታዬ ክብደት ልቀንስ ብሎ የተነሳ ሰው ሁሉ በየሳምንቱ እየተመላለሰ «ዛሬስ ስንት ነኝ?» የሚለው እሱን በመሆኑ ነው። መነሻህን ለማወቅ ይበቃል። ምን ያህል እንደቀነስክ ለመከታተል ግን ሚዛኑ ከነገረው የበለጠ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ከልብስ ሰፊ ሜትር ደግሞ ያነሰ ያውቃል።

ስሌቱን ያመነጨው ሐኪም አልነበረም፤ አዶልፍ ኬትሌ የተባለ ቤልጅየማዊ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ ነው። ሰውየው በ1830ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ይፈልግ የነበረው «አማካይ ሰው» ምን እንደሚመስል እንጂ የማንም ቦርጭ አላስጨነቀውም። ያደጉ ሰዎች ክብደት ከቁመታቸው ካሬ ጋር እንደሚሄድ አስተዋለ፣ ጻፈ፣ አለፈ። በ1972 አሜሪካዊው አንሰል ኪስና ባልደረቦቹ በአምስት አገሮች ከ7,000 በሚበልጡ ወንዶች ላይ ልዩ ልዩ ቀመሮችን አወዳድረው ይኼኛውን መረጡ፤ የዛሬ ስሙንም ያወጡለት ያኔ ነው። በሺህ በሚቆጠር ሰው ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ለእንዲህ ያለው ሥራ ጥሩ መሣሪያ ነው። የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 22 በመቶው ከሲታ፣ 8 በመቶው ደግሞ ከልክ ያለፈ ክብደት ያላቸው መሆናቸውን የነገረን ሚዛንና የቁመት መለኪያ ተሸክሞ ቤት ለቤት መዞር ስለሚቻል ነው። በሺዎች መካከል የአንዱ ጡንቻ የሌላውን ስብ ያጣፋዋል። ብቻውን ለቆመ ሰው ግን የሚያጣፋለት የለም።

ሒሳቡን እንየው። የ1.70 ሜትር ሰው ቁመት በራሱ ሲባዛ 2.89 ነው። ሰውየው ማደግ ካቆመ ቆይቷል፤ ሰኞም 2.89 ነው፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላም 2.89 ነው። የሚለወጠው ኪሎው ብቻ ከሆነ ቢኤምአይ ማለት ያው ኪሎ ነው፣ አንዴ ተካፍሎ። መካፈሉም ያንቀራፍፈዋል፤ አንድ ሙሉ ኪሎ ጥሎ የሚያገኘው 0.35 ነው። ዘመድ «ምነው ከሳህ፣ አመመህ እንዴ?» ማለት ሲጀምር ቁጥሩ ገና አንዲት ነጥብ አልወረደም። በአንጻሩ ይኸው ሰው ቁመቱን 1.72 ብሎ ቢሞላ፣ 80 ኪሎው ሳይነካ ከ27.7 ወደ 27 ዱብ ይላል። ሁለት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው በአንድ ውሸት ሄደ፤ ላብ የለ፣ ጎመን የለ። ኪሎውስ ቢሆን ከየት ነው የመጣው? ብዙ ጊዜ ከመንገድ ዳር ሚዛን። ሚዛኑ ወጣ ገባ ኮብልስቶን ላይ ተቀምጧል፤ ተመዛኙ ምሳውን በልቶ፣ ጫማውን እንዳጠለቀ፣ ስልኩንና የቁልፍ ዘለላውን በኪሱ ይዞ ይወጣበታል። የጠጣው አንድ ሊትር ውሃ ራሱ አንድ ኪሎ ነው። ከዚያ ወርዶ «27.68 ነኝ» ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

«ቢያንስ ግብ ይሰጠኛል፤ 25 ስደርስ አርፋለሁ» የሚል አይጠፋም። ግቡ ግን ራሱ ሲጓዝ የኖረ ነው። በአሜሪካ የ«ወፍራም» መነሻ ለወንዶች 27.8፣ ለሴቶች 27.3 ነበር፤ በ1998 ወደ 25 ሲወርድ ሚሊዮኖች ደህና ሆነው ተኝተው ወፍራም ሆነው ነቁ፣ ያውም እራት ሳይጨምሩ። የባሰው ደግሞ ክብደት የመቀነስ ጥቅሙ መስመሩን እስክትሻገር የማይጠብቅ መሆኑ ነው። በ2002 በታተመው ታዋቂ የአሜሪካ ጥናት የስኳር በሽታ ደጃፍ ላይ የነበሩ ሰዎች ክብደታቸውን 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ታገዙ፤ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ያንን 7 በመቶ የእኛ የ1.70 ሜትር ሰው 95 ኪሎ ሆኖ ቢቀንሰው ከ32.9 ወደ 30.6 ይደርሳል። ሰውየው ከስኳር እየሸሸ ነው፤ ሰንጠረዡ ግን ከነበረበት ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠ ይቆጥረዋል።

የጡንቻው ክርክር የታወቀ ነው፤ ቢኤምአይ ስብንና ጡንቻን አይለይም። እውነት ነው፤ ሆኖም «እኔ እኮ ጡንቻ ነው» የሚለው ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን የሚናገረው ክትፎ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ነው። ለአብዛኞቻችን 33 ማለት ጡንቻ አይደለም። ችግሩ በክትትል ላይ ነው። ስፖርት ጀምረህ ስብ ወጥቶ ጡንቻ ሲገባ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም፤ ራስህን አስርበህ ውሃና ጡንቻ ስታጣ ደግሞ ያሞግስሃል። ሐኪሞችስ ይጠቀሙበት የለም ወይ? ይጠቀማሉ፣ ለመነሻ። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ራሱ በ2023 ብቻውን አትመኑት፣ የሆድ ስብን ከመሰሉ ሌሎች ልኬቶች ጋር እዩት ብሏል። ምክንያቱም አስጊው ስብ ሆድ ውስጥ፣ አንጀትና ጉበት ዙሪያ የሚሰፍረው ነው፤ እሱን ደግሞ ሜትር ያገኘዋል። በመጨረሻው ጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ያዞሩታል፣ ትንፋሽ አስወጥተው ያነባሉ። የብሪታንያ የጤና መመሪያ ወገብ ከቁመት ግማሽ እንዳይደርስ ይመክራል፤ ለ1.70 ሰው ከ85 ሳንቲ ሜትር በታች ማለት ነው፣ ካሬም ማካፈልም የለበትም። በሜትርም ይዋሻል ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ሆድን ወደ ውስጥ ስቦ ማንበብ ይቻላል፤ ግን ትንፋሽ ይዞ ስንት ደቂቃ ይቆያል?