ውዳሴ ጦማረ መሐንዲስ

በቀድሞው ዘመን ዳግማዊ ምኒልክ ለሩቅ ሀገር ሹም ጦማር ሲልኩ፣ ከማኅተሙና ከ«ይድረስ» በኋላ ደኅንነት ጠይቀው፣ የራሳቸውንም ደኅንነት ነግረው፣ ወዲያው ወደ ጉዳያቸው ይገቡ እንደ ነበር የተመለከተ ሰው፣ የዘመናችን መሐንዲሶች ጥበበ ጽሕፈትን ከምን ዓይነት አዘቅት አውጥተው ወደ ምን ዓይነት ልዕልና እንዳደረሷት አይቶ ሊያደንቅ ይገባዋል፤ ያ የጥንቱ ጦማር እኮ፣ ነውሩን አንሸሽገውና፣ አንድ ጊዜ ቢነበብ የሚገባ ነበር።

ይህ ጥበብ የአርሲን ደጋ ያህል የተመቸው ስፍራ ጥቂት ነው። የአሰላ መሐንዲስ ለዞን ጽሕፈት ቤቱ በአፋን ኦሮሞ፣ ለአዲስ አበባው መሥሪያ ቤት በአማርኛ፣ ለአማካሪውና ለተቋራጩ በእንግሊዝኛ ይጽፋልና፣ ሌላው በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚሰውረውን ምሥጢር እርሱ በሦስት ቋንቋ ለመሰወር ታድሏል።

ከጭላሎ ግርጌ በአንዲት የገጠር መንገድ ላይ፣ ገብስ ጭነው ወደ አሰላ ብቅል ፋብሪካ የሚሄዱ መኪኖች የሚያልፉበት ቱቦ በክረምት ጎርፍ ተሰነጠቀ እንበል። የአካባቢው ገበሬ፣ ምሕንድስና ያልተማረ ምስኪን ነውና፣ «ቱቦው ተሰንጥቋል፤ መኪና እንዳያልፍ» ብሎ በአራት ቃል ይጨርሰዋል። መሐንዲሱ ግን እንዲህ ሲል ይጽፋል፦

«ጉዳዩ፦ የመንገድ ሥራን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በቁጥርና በቀን በተጠቀሰው ደብዳቤ መነሻነት በተደረገ የመስክ ምልከታ በውኃ ማፋሰሻ ስትራክቸሩ ላይ የተወሰኑ ክፍተቶች የተስተዋሉ በመሆኑና፣ ይህም ከወቅቱ የአየር ሁኔታ ጋር ተያይዞ በትራፊክ ፍሰቱ ላይ አሉታዊ ተጽዕኖ ሊያሳድር እንደሚችል የታመነበት ስለሆነ፣ በሚመለከተው አካል አስፈላጊው የማስተካከያ እርምጃ እንዲወሰድ እያሳሰብን፣ ለሚደረግልን ቀና ትብብር ከወዲሁ እናመሰግናለን።»

ማን እንደ ተመለከተ፣ ማን እንዳመነ፣ የሚመለከተውም አካል ማን እንደ ሆነ፣ ልብንና ኵላሊትን የሚመረምር አምላክ ብቻ ያውቃል። ስንጥቁ ራሱ በጸሐፊው ብዕር ተለውጦ «ክፍተት» ሆኗል፤ በመሥሪያ ቤቶቻችን ሥርዓት ደግሞ ክፍተት የሚደፈነው በሥልጠና እንጂ በሲሚንቶ አይደለምና፣ ደብዳቤው የደረሰው ክፍል የሦስት ቀን ሥልጠና በአዳማ ቢያዘጋጅ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። የቅኔ መምህራን ወርቁን በሰሙ ውስጥ ለመሸሸግ ዕድሜያቸውን ሲፈጁ፣ የእኛ ሊቅ ወርቁን ጨርሶ አውጥቶ ጥሎ ሰሙን ብቻ በማስቀረቱ ከቅኔ ቤቶቹ ከጎንጅም ከዋሸራም የተሻገረ ሆኗል። ከዚችው አሰላ የወጣው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1998 በሄንግሎ አሥር ሺህ ሜትሩን በ26 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ሲፈጽም፣ ሃያ አምስቱም ዙር አልቆ የዚህ ዓይነቱ ደብዳቤ ማሰሪያ አንቀጽ ገና ባልታየ ነበር።

ነገር ግን ይህን ሁሉ አለማወቅ የወለደው የሚመስለው ሰው ጸሐፊውን ይበድለዋል። ደብዳቤው ቱቦው ሳይወድቅ እንዲነበብ የተጻፈ አይደለም፤ ከወደቀ በኋላ፣ መርማሪ በመጣ ጊዜ፣ «አሳውቀን ነበር» ተብሎ ከመዝገብ እንዲወጣ የተጻፈ ነው። ግልባጩም ለብዙ ክፍል መሰጠቱ፣ እያንዳንዱ የሌላውን ስም አይቶ በሰላም እንዲያድር ነው።

ትውፊቱ በአሰላ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ «ካዱ» የሚለው፣ ጥናቶቹን በእንግሊዝኛ እያሳተመ በተራ ቁጥር ሲደረድራቸው ኖረ። ባለርስቱ ትራክተር አስገብቶ ጭሰኛውን ባፈናቀለ ጊዜም ድርጅቱ ጉዳዩን አስመርምሮ እ.ኤ.አ. በ1972 አሳተመው፤ እንዲህ ያለ ግልጽነት ለሙያው ክብር ባይስማማም፣ የተፈናቀለው ጭሰኛ በማያነበው ቋንቋ በመጻፉ ነውሩ ተሸፍኖለታል።

ባሕር ማዶም ባልንጀሮች አሉን። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካኖቹ መንኰራኵር ኮሎምቢያ በምትነሣበት ጊዜ ግራ ክንፏን የአረፋ ስባሪ መትቷት ሳለ፣ መሐንዲሶቹ አደጋውን ለአለቆቻቸው ያስረዱት በስክሪን በሚታይ ገጽ ነበር፤ አርእስቱ የሚያጽናና ሲሆን፣ የሚያስፈራው ነገር ከታች በደቃቅ ፊደል ሰፍሮ ነበር። ሰባቱ ጠፈርተኞች ሲመለሱ ዐለቁ፤ መርማሪው ጉባኤም ያን አጻጻፍ ስም ጠርቶ ነቀፈው። ያ ጉባኤ በእኛ ሀገር ቢሆን ኖሮ «የግንዛቤ ክፍተት» ብሎ ያልፈው ነበር።

ይህ አጻጻፍ ስለሚያስጠፋው ገንዘብ የሚጨነቁም አሉ። ብዙ ታላላቅ የግንባታ ሥራዎች በሚመሩበት፣ ፊዲክ በተባለው ዓለም አቀፍ ውል እ.ኤ.አ. በ1999ኙ እትም፣ ተቋራጩ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ክፍያ የሚጠይቅበትን ምክንያት ካወቀ ጀምሮ በ28 ቀን ውስጥ ካላስታወቀ መብቱን ያጣል። የተቋራጩ መሐንዲስም በሃያ ሰባተኛው ቀን ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ መልካም የሥራ ግንኙነት ጽፎ ጥያቄውን ሳይጠቅስ ቢልክ፣ ድርጅቱ ገንዘቡን ቢያጣም በትሕትና የሚወዳደረው አይገኝም።

እንግዲህ የመሥሪያ ቤት አለቆች ሆይ፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ አንድ ወጣት መሐንዲስ «ቱቦው ተሰንጥቋል፤ መንገዱን ዛሬ ዝጉ፤ የመረመርሁት እኔ ነኝ» ብሎ፣ ከግርጌውም ስሙን ጽፎ ቢያቀርብላችሁ፣ አደራችሁን «ደብዳቤው አጠረ» ብላችሁ መልሱለት፤ የተቀበላችሁት እንደ ሆነ ወጥታችሁ መንገዱን መዝጋታችሁ ነው።