ተከፍሎት የሚመጣው ቱሪስት፦ የአንድ ቀን ጎብኚ በጋምቤላ

አንድን ከተማ በአንድ ቀን፣ ያውም ኪስ ሳይጎዳ አይቶ መጨረስ በአውሮፓ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ደንቦቹ ጥቂትና ጥብቅ ናቸው። ሮም ላይ ውሃ መግዛት ነውር ነው፤ በየመንገዱ ከ2000 በላይ የሕዝብ ቧንቧዎች ሌት ተቀን ይፈስሳሉ። የጣሊያን መንግሥት ሙዚየሞች የሚጎበኙት በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነው፤ ያን ቀን መግቢያ አይከፈልም። ምሳ ዳቦ ነው። እግሩ የዛለ ጎብኚ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ አግዳሚ ላይ ይቀመጥና ጣሪያውን የሚያደንቅ ይመስላል።

ኢትዮጵያዊ አጥኚ ይህን ሙያ በቦታው ተገኝቼ ልመርምር ቢል ገና ከመነሻው የቆጠባን ሕግ ይጥሳል። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ስለዚህ ይህ ጥናት ፊቱን ወደ ጋምቤላ አዙሯል። ምርጫው በዘፈቀደ የተደረገ አይደለም። ጋምቤላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አውሮፓውያን የነገዱባት የወንዝ ወደብ ናት፤ የአንድ ቀን ጎብኚም እንደ ልብ ይገኝባታል።

የጎብኚው ማንነት

በጋምቤላ በብዛት የሚታየው የአንድ ቀን ጎብኚ ዝርያ አበለኛው ነው። ለስልጠና፣ ለአውደ ጥናት ወይም ለክትትልና ድጋፍ ከአዲስ አበባ ይላካል። መለያ ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አንገት ላይ የተረሳ ባጅ፣ በአዳራሽ የታደለ እስክሪብቶና ጃኬት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍታ ላይ ስትሆን ጋምቤላ 526 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጃኬቱ ይህን ልዩነት የሚረዳው የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ መልስ ጉዞ ድረስ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ይከርማል።

አበለኛው ከአውሮፓው አቻው የሚለየው በአንድ መሠረታዊ ነገር ነው። የአውሮፓው ቆጣቢ ትንሽ ለመክፈል ይታገላል፤ አበለኛው ግን ስለመጣ ይከፈለዋል። ከውሎ አበሉ የተረፈው የራሱ ስለሆነ፣ ጋምቤላ ላይ የምትወጣ እያንዳንዷ ብር ቤት ከምትገባው ላይ የምትቀነስ ናት። የአውሮፓው ጎብኚ ስለሌለው ይቆጥባል፤ አበለኛው እንዲኖረው።

እዚህ ላይ የስርጭት ጥያቄ ይነሳል። ቦታ የመምረጥ ዕድል ያለው ስብሰባ አዳማ፣ ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ይሄዳል። ወደ ጋምቤላ የሚመጣው ግን በአብዛኛው ሥራው ራሱ እዚያ ስላለ ነው። ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱ ሰዎች የሚኖሩባቸው ኩሌ፣ ቲርኪዲ፣ ጀዊና ሌሎች መጠለያዎች በክልሉ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ የጋምቤላው አበለኛ ከሐዋሳው ይልቅ ሥራ የበዛበትና ላብ ያጠመቀው ነው፤ የምትተርፈውም ቀን አንዲት ብቻ ናት።

ታሪካዊ ዳራ

ወቅት ጠብቆ መጥቶ፣ ጭኖ የመመለስ ልማድ በጋምቤላ አዲስ አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ፣ ባሮ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ፣ ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ ፈቀዱ። የወንዙ ዳርቻ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጣቢያው በመጨረሻ የተተከለው ጋምቤላ ላይ ነው። ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይ፣ በሶባትና በባሮ አድርገው ጨውና ጨርቅ ያመጡ፣ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የወረደ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ ይህን ንግድ እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1935 ድረስ ተከታትለው አጥንተውታል፤ የእሳቸው ጥናት ቀልድ የለበትም።

መርከቦቹ የሚገቡት ክረምቱ ባሮን ሲሞላው ብቻ ነበር። በጋ ሲገባ ወንዙ ይጎድላል፤ መርከብ መመላለሱ ይቀርና ወደቡ ቀጣዩን ዝናብ ይጠብቅ ነበር።

የአበለኛው ወራትም ከዚህ ጋር በሚያስገርም ሁኔታ ይገጥማሉ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። በመሆኑም መጋቢት ላይ ማንም ያላሰበው ስልጠና ሰኔ ላይ እጅግ አስቸኳይ ሆኖ ይገኛል። መርከቡ ውሃው ሳይጎድል፣ አበለኛው በጀቱ ሳይመለስ ይጣደፋል። የሚለዩት በጭነት ነው፤ መርከቡ ቡና ይጭን ነበር፣ አበለኛው ማንጎ ይጭናል።

የእንግሊዞቹ ውል የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ብቻ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ መሠረቱ ፈረሰ። የሰኔ ስልጠና ግን በየትኛውም ውል ላይ የማብቂያ ቀን አልተጻፈለትም።

የዕለቱ ውሎ

ቀኑ የሚጀምረው በሆቴሉ እንግዳ መቀበያ በቃለ መጠይቅ ነው። “እዚህ ምን የሚታይ ነገር አለ?” ይላል ጎብኚው። “ባሮ አለ” ይባላል። “ከባሮ ሌላ?” “ድልድዩ።” ድልድዩ ያለው ባሮ ላይ ነው። “ሌላስ?” “አሳ ይበላል።” አሳው የሚወጣው ከባሮ ነው። ሦስት መስህብ በአንድ ወንዝ መገኘቱ ለትራንስፖርት ወጪ ቅነሳ የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው።

የአውሮፓው ደንብ “በእግር ሂድ” ይላል። ይህ ደንብ በጋምቤላ እስከ ረፋዱ 3 ሰዓት ድረስ ይሠራል። ከዚያ በኋላ ጎብኚው ከኒም ዛፍ ወደ ማንጎ ዛፍ፣ ከማንጎ ዛፍ ወደ ሱቅ በረንዳ እየተሻገረ ይጓዛል፤ በየበረንዳውም አንድ ቀዝቃዛ ሃይላንድ ይገዛል። የሃይላንዱ ሒሳብ ተደምሮ ሲታይ ባጃጅ ከእግር ረክሶ ይገኛል። የባጃጁ ሾፌር ይህን ውጤት አስቀድሞ ስለሚያውቅ ጎብኚውን ቀስ ብሎ ከኋላ ይከተለዋል። “አለቃ፣ ይግቡ” ይለዋል፤ ሁለተኛው ሃይላንድ ላይ አለቃው ይገባል።

ባሮ ዳር ሲደርስ ጎብኚው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፦ “አዞ አለ?” ጥያቄው የሚቀርበው ልጆች እየዋኙ፣ ሴቶች ልብስ እያጠቡ፣ ጎልማሶች ገላቸውን እየታጠቡ ባሉበት ነው። መልሱ “አለ” ነው፤ መላሹም መታጠቡን አያቋርጥም። መልሱ ለመዝናኛ የተፈጠረ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ እዚሁ ባሮ ውስጥ ሲዋኝ በአዞ ተገድሏል። ነዋሪው የት ቦታና በየትኛው ሰዓት እንደሚገባ ያውቃል፤ አበለኛው የሚያውቀው ሥጋቱን ብቻ ስለሆነ ከውሃው ርቆ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። በፎቶው ላይ ባሮ በጣም ቀጭን ሆኖ ይታያል።

ፎቶ ሲነሳ ድልድይ የራሱ ጣጣ አለው። በአገራችን ድልድይ ለረጅም ዘመን ካሜራ ሲከለከልበት የኖረ ነገር ነው። ልምድ ያለው ጎብኚ መጀመሪያ ጥበቃውን ሰላም ይላል፣ ቀጥሎ ስለ ሙቀቱ ያማርራል፣ በመጨረሻ ይጠይቃል። ልምድ የሌለው ስልኩን አውጥቶ ሲያበቃ ማብራሪያ ይሰጣል። ማብራሪያው ከቀኑ ላይ የሚወስደው ጊዜ በየትኛውም የጉብኝት መርሐ ግብር አይያዝም።

ምሳ አሳ ነው። አበለኛው የመጀመሪያውን ጉርሻ እንደዋጠ ፍርድ ይሰጣል፤ ፍርዱም “የሐዋሳው ይሻላል” ወይም “ሐዋሳ ይህን የት አግኝታው” ነው። የፍርዱ መነሻ ያለፈው ስብሰባ ሐዋሳ ላይ የተሰጠው አበል መጠን ሊሆን እንደሚችል ይህ ጥናት ይጠረጥራል። ከምሳ በኋላ እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ በአልጋ ክፍል፣ በጣሪያ ማራገቢያ ሥር ይጎበኛል። መብራት ከጠፋ ጉብኝቱ ይቋረጣል።

ወደ ማምሻው ላይ ቀኑን ሙሉ የተጠበቀው ገንዘብ ባንድ ጊዜ ይፈስሳል። አበለኛው ማንጎ በማዳበሪያ፣ ማር በጀሪካን ይገዛል። ማሩ ከማጃንግ ጫካ የመጣ መሆኑ ይነገረዋል፤ እሱም ይህንኑ አዲስ አበባ ሲደርስ ለጎረቤት ይደግመዋል። ማንጎው በርካሽ ተገዝቶ በአየር መንገዱ ሚዛን ላይ እንደገና ዋጋ ይወጣለታል።

ያልታየው

ይህ ጥናት ጎብኚው ያያቸውን ነገሮች ከዘረዘረ በኋላ፣ በሥነ ዘዴ ግዴታ፣ ያላያቸውንም ዘርዝሯል። ሁለተኛው ዝርዝር ይረዝማል።

በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ አልታየም። ነጭ ጆሮ ቆርኬ ከደቡብ ሱዳን ወዲህና ወዲያ ድንበር እየተሻገረ የሚያደርገው ጉዞ በአፍሪካ ከሚታወቁት ታላላቅ የአጥቢ እንስሳት ፍልሰቶች አንዱ ነው፤ ለቆርኬው ማንም አበል አልከፈለውም። በደርግ ዘመን አቦቦ ላይ የተገነባው የአልዌሮ ግድብ አልታየም። በ2009 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው የማጃንግ ደን በማር በኩል ብቻ ተቀምሷል። እንግሊዞች የመረጡት ያ ወደብ በባጃጅ ታልፏል። አኙዋክ፣ ኑዌር፣ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞ ከነቋንቋቸው ስልጠናው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ በሻይ ሰዓት ግን የተወራው ስለ ሙቀቱ ነው። ለብዙዎች የክልሉ ሕዝቦች ባህል የታየው አሥረኛው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ኅዳር 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ጋምቤላ ላይ ሲከበር ነው፤ ያንንም በቴሌቪዥን።

ከዚህ አንጻር የአበለኛው ቆጠባ ምንጭ የነገሮች መርከስ አይደለም። ቁጠባው የተገኘው ካልታየው ነው፤ ፓርክ ያልሄደ ለመኪና ኪራይ አይከፍልም፣ አቦቦ ያልሄደም እንደዚያው። አበለኛው ግን አዲስ አበባ ሲገባ “ጋምቤላን አውቃታለሁ” ይላል፤ ማስረጃ ሲጠየቅ ላቡን ይገልጻል።

የፖሊሲ ምክረ ሐሳብ

የአንድ ቀን ጎብኚን ለማረም የተሞከረ ነገር አለ። ቬኒስ ከሚያዝያ 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ጎብኚ በሚበዛባቸው የተመረጡ ቀናት ለውሎ ገቢዎች የ5 ዩሮ መግቢያ አስከፍላለች፤ ከተማዋ ውስጥ የሚያድሩ እንግዶች ከክፍያው ነፃ ናቸው። ሕጉ ለጋምቤላ ቢወሰድ ሁለት ችግር ይገጥመዋል። አንደኛ፣ አበለኛው ስልጠናው እስኪያልቅ ሆቴል ስለሚያድር በቬኒስ ሕግ የአንድ ቀን ጎብኚ አይደለም፤ ያደረው ብዙ ነው፣ ያየው አንድ ቀን ነው። ሁለተኛ፣ ክፍያው በግድ ቢጣልበት እንኳ ደረሰኝ ይጠይቃል፤ ደረሰኙም ለመሥሪያ ቤቱ ፋይናንስ ክፍል ቀርቦ፣ ሰኔ 30 ሳይደርስ ይወራረዳል።