ከጃርት ጋር ማን ይቆራኝ?

ተረት ተረት። የመሠረት።

ድሮ፣ እንስሳትና አራዊት እንደ ሰው አፍ አውጥተው በሚነጋገሩበት ዘመን፣ ጉና ተራራ ሥር አንድ የፈውስ ቤት ነበራቸው። ጉና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ርብና ጉማራ ከእሱ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። በሌላ ፊቱ የእስቴና የጋይንት ደጋ እየተቆራረጠ እስከ ስማዳ ቆላ፣ እስከ በሽሎ ገደል ይዘልቃል። ከዚያ ሁሉ አገር የታመመ ወደዚህ ቤት ይመጣል። ጀርባው የተላጠ የታች ጋይንት አህያ፣ ንዳድ የያዛት የበሽሎ ሚዳቋ፣ እግሩ የተሰበረ የስማዳ ወይፈን፣ ሁሉም በአንድ አጥር ጎን ለጎን ይተኛል። ጅብ እንኳ ሲታመም ጥርሱን ለዘበኛው አስረክቦ ነው የሚገባ ይባላል። ይህንን እኔም አላመንሁትም።

የቤቱ አለቃ በቅሎ ነው። ደርባባ ነው፣ መጣብሩ አይዛነፍም፣ ስለ አባቱ ሲጠየቅ ስለ እናቱ ይመልሳል። መድኃኒት የምትቀምመው እመት ጦጢት ናት። ሌሊቱን እስከ ዶሮ ጩኸት ሕሙማኑን ጥንቸል ትጠብቃለች፤ ከዶሮ ጩኸት በኋላ ጃርት ትረከባታለች።

ጃርት ሥራዋን ታውቃለች። ቁስል ስታጥብ እጇ አይንቀጠቀጥም። ምላሷ ግን ይዋጋል። «ምነው ዝም ብትይ! ልጅሽ በጩኸት አይድንም» የምትል ናት። በዚህ የተነሣ ወዳጅ አላበዛችም።

አንድ ማለዳ የእስቴዋ በግ ግልገል ሞቶ ተገኘ። የመጣው የኮሶ ትል ይዞት ነበር። ኮሶ ተወቅጦ፣ ተለክቶ፣ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ ልኩ ካለፈ ከትሉ ጋር ባለቤቱንም ይዞ ይሄዳል። ከግልገሉ ራስጌ አንድ መሆን የነበረበት ባዶ ቅል ሁለት ሆኖ ተገኘ። እናቱ «ልጄን ምን ገደለው?» ብላ ጮኸች። ፀሐይዋ ከፍ ሳትል ጥያቄው «ማን ገደለው?» ሆኖ አርብ ገበያ ደረሰ። ንፋስ መውጫ ሲገባ ጥያቄነቱም ቀርቶ «ጃርት ገደለችው» ተብሏል። መንገድ ላይ ማን እንደለወጠው አልታወቀም፤ ቁራ ግን ያን ቀን በሁለቱም ገበያ ታይቷል።

በቅሎ አውጫጭኝ ጠራ።

አውጫጭኝን የዛሬ ልጅ ላያውቀው ይችላል። አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። በአገሩ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ሲገደል መንደርተኛው ሁሉ ወጥቶ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ በዳዩ ሳይታወቅ የሚበተን የለም። አውቆ በግልጽ መመስከር የፈራ ለተመረጡት ሽማግሎች «ወፍ ነገረኝ» ብሎ ሹክ ይላል። በዳዩ ከጠፋ ካሣውን አገሩ አዋጥቶ ይከፍላል። መርማሪ በሌለበት ዘመን ትልቅ ብልሃት ነበርና አልንቀውም። የበሬ ሌባ ሲጠፋ የጠፋውን ነገር ሁሉም ያውቀዋል፤ የጠፋው በሬ ነው፣ የቀረው ስም ብቻ ነው። በፈውስ ቤት ግን ገና ምን እንደጠፋ ሳይታወቅ ስም ፍለጋ ይጀመራል።

ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ዋሉ፣ አደሩ። ተረኛው ሁሉ ሜዳ ላይ ስለሆነ የወይፈኑን እግር የሚያስር ጠፋ፤ ሚዳቋዋ ውኃ የሚያቀብላት አጣች። በሦስተኛው ቀን ቁራ ብድግ አለ።

«ወፍ ነገረኝ» አለ።

«የትኛው ወፍ?» ሲል አህያ ጠየቀ።

«ዝም በል! አንተ ሕግ አታውቅም» አለው በቅሎ። ቁራ ራሱ ወፍ ነውና ነጋሪውም ተነጋሪውም እሱው ሆኖ ቃሉ ተመዘገበ። «ጃርት ናት። እሾኋን ማየት ነው።»

ማስረጃ ይጨመር ተባለ። በዚያ ዘመን ሌባ ሻይ የሚሉት ነገር ነበር፤ በሰውም ዘንድ ነበር፣ ኋላ መንግሥት እስኪከለክለው ድረስ። ለአንድ ብላቴና መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል፤ ተንገዳግዶ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ለአንድ የጭላዳ ልጅ አጠጡትና ለቀቁት። ተንገዳገደ፣ ተንከባለለ፣ ሄዶ ሄዶ ከጃርት ጉድጓድ አፍ ወደቀ። የጃርት ጉድጓድ ከቁልቁለቱ ግርጌ እንደሆነ፣ የሰከረ ሁሉ ደግሞ ወደ ቁልቁል እንደሚሄድ ማንም አላነሣም።

የቀረው ቁራኛ ነው። የዱሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው እንዲውሉ እንዲያድሩ ነበር። «በሉ፣ ከጃርት ጋር የሚቆራኝ ይምጣ!» አለ በቅሎ።

ሜዳው ጸጥ አለ። ቁራ ስማዳ ቀጠሮ እንዳለው ትዝ አለው። እመት ጦጢትን ቁርጠት ያዛት። የቀሩት እርስ በርስ ሲተያዩ ቆዩና «የልጅሽ ደም አይደለም እንዴ?» ብለው በጓን ወደፊት ገፏት።

«እኔ እሷን አልከሰስሁም» አለች በጓ። «ልጄን ምን ገደለው ነው ያልሁት።»

ከሳሽ ጠፋ። ተከሳሽ ግን አልቀረችም። ጃርት ከሥራ ታገደች፤ የወር እህሏ ተያዘ፤ ወደ ምንጩ ስትወርድ ሌሎቹ ዞር ይሉላት ጀመር። ልጆቿን ከልጆቼ ጋር አላጫውትም ያለችም ጎረቤት ነበረች።

ነገሩን ያስታወሰው አህያ ነው። «በሽሎ ዳር አባ ኤሊ አሉ፤ ነገር ያጣራሉ» አለ። በቅሎም እሺ ብሎ ላከባቸው፤ ኤሊ ከበሽሎ ቆላ ጉና እስኪወጣ ነገሩ ይረሳል ብሎ አስቦ ነው። አባ ኤሊ ግን ደረሱ።

«አባ፣ ጥፋተኛዋ ተለይታለች። የእርስዎ ማኅተም ብቻ ነው የጎደለን።»

«ከተለየች ምን ብላችሁ አስወጣችሁኝ፣ አለቃ?» አሉ አባ ኤሊ ላባቸውን እየጠረጉ።

በመጀመሪያው ቀን ማንንም አልጠየቁም። ግልገሉ የተኛበትን ሣር፣ ቅሎቹ የነበሩበትን ቦታ፣ ከጥንቸል መውጫ እስከ ጃርት መግቢያ ያለውን እርምጃ በዝግታቸው ዞረው አዩ። በማግሥቱ ጃርትን አስጠሩ፤ ሜዳ ላይ አይደለም፣ የእመት ጦጢት ጓዳ ተለቅቆላቸው ለብቻዋ።

«የተባልሽው ይህ ነው» ብለው ክሱን ከአንድ እስከ መጨረሻው ነገሯት። «ዛሬ መልስ አልሻም። አስቢበት። ነገ የምታምኚው ሰው ካለ ይዘሽ ነይ።»

ጃርት እሾኋ ሁሉ ቆሟል። «ከአንቱ በፊት የመጡትም አፋቸው ለስላሳ ነበር።»

«ይሁን፣ ልጄ። እሾህሽን አውርጂ አልልሽም። እንደቆመ ንገሪኝ።»

እዚህ ላይ ከተረቱ ወጣ ልበል። በእኛው ዘመን የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች የዲስፕሊን ደንብ፣ ቁጥር 77/1994፣ አባ ኤሊ ያደረጉትን ነው ያዘዘው፤ ክሱ ለተከሳሹ በጽሑፍ ይድረሰው፣ መልሱን ይስጥ፣ ማስረጃውን ያቅርብ ብሏል። ጤና ሚኒስቴርም ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ባለሙያው ለታካሚ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ይሁን እያለ ያስተምራል። ግሩም ነው። ባለሙያው ራሱ የተጠረጠረ ዕለት ያ አክብሮት የት እንደሚገባ ግን በየግድግዳው ከተለጠፈው ጽሑፍ ላይ አላነበብሁም። ስንት ነርስና ስንት አዋላጅ መጠርጠሯን ከሻይ ቤት ሰምታ፣ ደብዳቤው ከሳምንት በኋላ የደረሳት ትኖራለች!

ወደ ተረታችን። ጃርት በነጋታው አህያን ይዛ መጣች። ቃሏ ይህ ነበር፦ ያን ዕለት ዶሮ ሲጮኽ ገባች፤ ኮሶው በቅሉ ተቀድቶ ከግልገሉ ራስጌ ነበር፤ አጠጣችው።

«ጥንቸል ቀድማ አጠጥታው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?»

«ድሮ በሣሩ ነበር የማውቀው።»

«የትኛው ሣር?»

አህያ ጉሮሮውን ጠረገ። ለካ በዚያ ቤት የቆየ ልማድ ነበር፦ መድኃኒት ያጠጣ ተረኛ የሕመምተኛው እግር ላይ አንድ ዘለላ ሰርዶ ያስራል። ተረካቢዋ ሣሩን ስታይ ትተዋለች፣ ካላየች ታጠጣለች። ከመኸር ወዲህ ሣሩ ቀርቷል።

አባ ኤሊ ጥንቸልን ጠሩ። ለጃርት ያቀረቡትን ጥያቄ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ አቀረቡላት። ጆሮዋ ይንቀጠቀጣል።

«ብናገር ምን ይደርስብኛል?»

«እሱን ቃል አልገባልሽም፤ ፍርዱ የእኔ አይደለም። ቃልሽን እንደተናገርሽው እጽፋለሁ፤ መልሼ አነብልሻለሁ፤ ያልሽው ካልሆነ ታርሚያለሽ። ለፈራጆቹ ካልሆነ በቀር ከዚህ ጓዳ አይወጣም።»

ጥንቸል ብዙ ዝም አለች። እሳቸውም ዝም አሉ። የጋይንት ቤተልሔም የድጓ መምህር ለማስመስከር የመጣን ተማሪ ዜማው እስኪያልቅ እንደሚያዳምጡ፣ አንገታቸውን ወጣ አድርገው ተቀመጡ።

«እኔም አጠጥቼዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ዶሮው ሊጮኽ ሲል። ጃርት እንዳልሰጠሁ መስሏት ሌላውን ቅል ታጠጣዋለች ብዬ በምን ላውቅ? እመት ጦጢት ለነገ የቀመመችውንም ከዚያው አስቀምጣ ነበር። ሜዳው ላይ ልናገር ተነሥቼ ነበር፣ አባ። ያንን የጭላዳ ልጅ ሲያሰክሩት ሳይ ተመልሼ ተቀመጥሁ።»

ሦስት ቀን አገር ሲፈልገው የከረመው ነገር ከሜዳው መሐል ተቀምጦ ነበር፤ ያስቀመጠውም ፍለጋው ራሱ ነው።

የቀረው በቅሎ ነበር።

«አለቃ፣ ሣሩን ማን አስቀረው?»

«እኔን ነው? የጠራሁዎት እኔ ነኝ እኮ!»

«እሱማ ባይጠሩኝ አልመጣም። ሣሩን ማን አስቀረው?»

በቅሎ ኮቴውን መሬት ላይ አሸ። ከደብረ ታቦር እንግዶች ለጉብኝት ሊመጡ ነበር። የሕሙማኑ እግር ሁሉ ሣር ታስሮበት ሲታይ ለዓይን አይማርክም፤ ስለዚህ ይፈታ ብሎ አዘዘ። እንግዶቹም በንጽሕናው ተደንቀው ሄዱ። ከሄዱ በኋላ ይታሰር ያለ የለም።

«እንግዲያው» አሉ አባ ኤሊ፣ «ከአሁን ወዲያ አንቱ በዚህ ነገር ቃል ሰጪ እንጂ ሰሚ አይደሉም። ፍርዱን ሌሎች ይስሙት።»

በቅሎ ተቆጣ፣ ረገጠ፣ በመጨረሻም ፈቀቅ አለ። ከላይና ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ አንዳንድ ሽማግሌ ተመረጠ። የአባ ኤሊን ጽሑፍ አስነብበው፣ ጃርትና ጥንቸልም የሚሉት ካለ ጠይቀው፣ እንዲህ ፈረዱ፦ ግልገሉ የሞተው ሁለት ተረኞች አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ስለሰጡ ነው፤ ሁለት ጊዜ የሰጡትም መለያው ምልክት በትእዛዝ ስለተነሣ ነው። ሣሩ ዛሬውኑ ይመለስ። የነገ መድኃኒት ከዛሬው ጋር አይቀመጥ። ጃርት በታገደችበት ጊዜ የተያዘው እህሏ ሁሉ ይሰጣት። በጓን «ልጅሽ በጩኸት አይድንም» ያለቻት ክፉ ቃል ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስለሱ ለብቻው ትመከር። ጥንቸል ለመዘግየቷ ትወቀስ እንጂ አትቀጣ። የበቅሎ ጉዳይ ወደ በላዩ ይተላለፍ። ቁራ ያየው ካለ ቀርቦ ያስረዳ፤ ያላየ እንደሆነ ጃርትን በወነጀለበት ሜዳ፣ በዚያው ድምፁ ልክ ነጻ መሆኗን ይናገር።

ቁራ ተናገረ፤ ድምፁ ግን እንደፊተኛው አርብ ገበያ አልደረሰም።

አባ ኤሊ ወደ በሽሎ ከመመለሳቸው በፊት በጓ ዘንድ ሄደው ከእግሯ አጠገብ ተቀመጡና ልጇን ምን እንደገደለው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯት። አልቅሳ ሰማች። እስከዚያ ቀን ይህን ሊነግራት የሄደ አልነበረም።

ጃርት እህሏን ተረከበች፤ አንድ ሌሊትም አላደረች። ልጆቿን አስከትላ ወደ ስማዳ ቆላ ወረደች፤ አሁን የሰው ማሳ ውስጥ ድንች እየቆፈረች ትኖራለች። የጉና ፈውስ ቤት ከዶሮ ጩኸት በኋላ የሚረከብ ተረኛ እንደሚፈልግ ሦስት ጊዜ ማስታወቂያ አውጥቷል። ያመለከተ የለም።