የ200 ብሩ ሟርት

የጋዜጣ ካርቱን ዕድሜው አጭር ነው። ማክሰኞ ከታተመ ሐሙስ ቆሎ ይጠቀለልበታል። የእኔዎቹ ረቂቆች ግን በአንድ የስኳር ማዳበሪያ ታጭቀው አልጋ ስር ከርመዋል። ባለቤቴ ለፋሲካ ቤት ስታጸዳ ማዳበሪያውን እየጎተተች አወጣችና "ወይ ሽጠው፣ ወይ ለማገዶ ስጠኝ" አለች። ሽያጩ ድሮም አልሆነልኝም። ማገዶውን ደግሞ አንጀቴ አልቻለም። እና እያንዳንዱን በስልኬ እያነሳሁ ለጓደኞቼ በቴሌግራም መላክ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የላክኋት የ2000 ዓ.ም. ሥራ ናት። አንዲት እናት እህል በረንዳ ቆማ የጤፍ ዋጋ ስትሰማ ተዝለፍልፋ ወድቃለች፤ ሁለት ሰዎች በቃሬዛ ያነሷታል፤ ነጋዴው ከጆንያው ኋላ ሆኖ ውኃ ይረጭባታል። ኩንታሉ 1,000 ብር የገባ ሰሞን ነው። ያኔ ይህን ያየ ሁሉ አንጀቱ ያርር ነበር። አሁን ወዲያው ምላሽ መጣልኝ፤ "ሱቁ አሁንም አለ?" ሌላው ደግሞ "ሴትዮዋ የወደቀችው በደስታ ነው?" ብሎ ጠየቀ። እውነታቸውን ነው፤ ዛሬ በ1,000 ብር 10 ኪሎ እንኳ አይሞላም። የብሶት ሥዕሌ ሳላስበው ማስታወቂያ ሆናለች።

የእኛ ሙያ እንግዲህ ማጋነን ነው። አፍንጫ ትጎትታለህ፣ ቦርጭ ትነፋለህ፣ ዋጋ ላይ ዜሮ ትጨምራለህ። ችግሩ አገሩ ካንተ ቀድሞ ዜሮ ሲጨምር ነው። ትልቁ ኖት 100 ብር በነበረበት ዘመን አንድ የሰርግ ካርቱን ሠርቼ ነበር፤ ሞቅ ያለው ሚዜ አዝማሪው ግንባር ላይ የ200 ብር ኖት ይለጥፋል። የጋዜጣው አዘጋጅ "እንዲህ የሚባል ብር የለም፤ ሕዝብ ታሳስታለህ" ብለው መለሱት። መስከረም 2013 ላይ ብሔራዊ ባንክ ባለ 200 ብሩን ይዞ ብቅ አለ። ጓደኞቼ ይቺን ሲያዩ "አንተ ሟርተኛ! 500 እንዳትስል!" ብለው አስጠነቀቁኝ። ዛሬ 200 የለጠፈበትን ሚዜ አዝማሪው "ቆጣቢው ጌታዬ" እያለ የሚገጥምበት ይመስለኛል።

እኚህ አዘጋጅ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሥዕል አይወዱም ማለት አይቻልም። የሚወዱት ከነስሙ ነው። ሰውየው የተሸከመው ቋጥኝ ላይ "ኑሮ ውድነት" ካልተጻፈ ቋጥኝ ነው ብለው አያምኑም። ከረጢቱ "ሙስና"፣ አይጡ "ሙሰኛ"፣ ድመቷ ደግሞ ምንም እንዳይጻፍባት። አንድ ጊዜ የቢሮ ኃላፊ ስዬ ሄድኩ፤ ጠረጴዛው ላይ እግሩን የሰቀለ፣ ባለመነጽር፣ ባለሪዝ።

"መነጽሩን አውልቅለት" አሉኝ። "ሚኒስትሩ መነጽር ያደርጋሉ።"

"እሺ ጋሼ።"

"ሪዙንም ላጨው። ምክትላቸው ሪዝ አላቸው።"

ላጨሁት። ክራባቱን አስፈቱኝ፣ ቦርጩን አስቀነሱኝ፣ ወንበሩንም ከተሽከርካሪ ወደ እንጨት አስለወጡኝ፤ ተሽከርካሪ ወንበር ያላቸው በቁጥር የሚታወቁ ናቸው ብለው። መጨረሻ ላይ ሰውየው ከሳ፣ ሸሚዙ ተጨማደደ፣ እንጨት ወንበር ላይ ኩርምት አለ። እሳቸውም ራቅ አድርገው አዩት። "አሁን ማንንም አይመስልም" አሉ። ቁርጥ እኔን ነበር የሚመስለው። በሳምንቱ ሰፈር ውስጥ "ሹመት ተሰጥቶህ ነው እግርህን የሰቀልከው?" እያሉ ሲያሾፉብኝ ሰነበቱ።

ከማዳበሪያው ውስጥ ያላረጀ አንድ ሥራ ቢገኝ የመብራቱ ነው። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲመጣና ሲሄድ የሠራሁት ነው። አንድ ቤተሰብ የጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ሻማ አብርቶ ይቀመጥና አባትየው ስክሪኑ ላይ የራሱን ጥላ እያየ ዜና ያነባል። ይህን ስልክም፣ ሹመትም፣ ገበያም አላስረጀውም።

በቀደም አንድ ለግላጋ አዘጋጅ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ወቅታዊ ነገር ይሠሩልናል? ለማታ እንፈልገው ነበር" አለ። ያቺኑ አወጣኋት። ጀርባው ያበጠውን ቴሌቪዥን አክስቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፣ ልጁን ስልክ አስያዝኩት፣ ላክሁ። "ጋሼ፣ እንዴት ያለ ፍጥነት ነው!" አለ አዘጋጁ። 

ክፍያዬን ልቀበል ስሄድ የሂሳብ ክፍሏ ልጅ ቲን ቁጥር ጠየቀችኝ። ከሌለኝ 30 በመቶ እንደሚቆረጥብኝ ነገረችኝ። ደግነቱ ነበረኝ፤ ከኪሴ አውጥቼ በኩራት ዘረጋሁላት። እሷ ግን ወደ ጠቆረው ኮምፒውተሯ አገጯን ቀሰረች።

"መብራት የለም፣ ሲስተም አይሠራም። ነገ ይምጡ አባቴ።"