«ምንጭ የለውም» ብላ ሰረዘችኝ

ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠመኔ በልቻለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን እኔ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን፣ «ተነሥና አጥፋ» ካላልኩት በቀር፣ አንድም ተማሪ አላጠፋውም። ይኸው በስተርጅና ጁባ መጥቼ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አጠፋችኝ። ያውም በዳስተር አይደለም፤ በአውራ ጣቷ።

ልጄ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ አካባቢ ምግብ ቤት አላት። የእኔ ሥራ ጥግ ይዤ ተቀምጬ «ዛሬ ሽሮው ቀጥኗል» ማለት ነው። ከትምህርት ነገር እጄን ታጥቤ ነበር። ነገሩን ያመጣብኝ ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ ነው ተብሎ የደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በየካቲት 2025 ደግሞ ጁባ ውስጥ ተማሪዎች ራሳቸውን እየሳቱ ሲወድቁ ለሁለት ሳምንት ተዘጉ። በዚህ አላማርርም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ልጅ ደርድሮ አልጀብራ ማስተማር ዳቦ መድፋት እንጂ ማስተማር አይባልም። የማማርረው የልጅ ልጄ መምህር ባመጣው መላ ነው። «ቤታችሁ ሆናችሁ ዊኪ ጻፉ» አላቸው።

«ዊኪ ምንድን ነው?» ብዬ የልጅ ልጄን ጠየቅኩት።

«አባባ፣ የክፍሉ ልጆች በሙሉ አንድ ላይ የምንጽፍበት ደብተር ነው። ማንም ይጽፋል፣ ማንም ያርማል።»

ማንም! እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት «እርስ በርስ አትኮራረጁ» ስል ነው። በፈተና ቀን አንገቱን እንደ ሰጎን የሚያስረዝመውን ሁሉ በማስመሪያ ቀጥቼዋለሁ። አሁን ኩረጃ «ትብብር» የሚባል ስም ወጥቶለት ነጥብ ይሰጥበታል።

ስሙን ደግሞ ስሙልኝ። የፈጠረው ዋርድ ከኒንግሃም የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995። ቃሉን ያገኘው ከሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ አውቶቡስ ላይ ነው፤ በሃዋይ ቋንቋ «ፈጣን» ማለት ነው አሉ። ፈጣን! ጁባ መጥቶ ቢያየው ስሙን ይቀይረው ነበር። የፋይበር መስመር በ2020 ከኡጋንዳ በኩል ገብቷል፤ መግባቱን አልክድም፤ እኛ ሰፈር ግን ገና በእግሩ እየመጣ ነው። ጄኔሬተሩ ተነሥቶ፣ ኔትወርኩ ተለምኖ፣ አቦል ላይ የተነካ ገጽ በረካ ላይ ይከፈታል።

መምህሩ ብሎግም አለው፤ የቤት ሥራ የሚለጥፍበት። ልጆቹም በተራ የሳምንቱን ውሏቸውን ይጽፉበታል። መጀመሪያ ስሰማ ሆዴ ነው የተላወሰው። በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ አዲስ አበባ ላይ ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ሲታሰሩ የሰማ ሰው፣ የልጅ ልጁ «ብሎግ ልጽፍ ነው» ሲለው ቶሎ ብሎ ስንቅ ማሰብ ይጀምራል። የጻፈው ግን ስለ እኔ ማንኮራፋት ነው። ከጄኔሬተሩ ጋር አወዳድሮኛል።

ለነገሩ በማሽን ስዋረድ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. አገር ቤት በየሁለተኛ ደረጃው ፕላዝማ ቴሌቪዥን የገባ ጊዜ ትምህርቱ ከሳተላይት ይወርዳል፤ እኔ በር ላይ እንደ ዘበኛ እቆማለሁ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰው በእንግሊዝኛ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ «ጎበዝ፣ ልክ ነው!» ይላል። ማን መለሰለት? ግማሹ ክፍል ተኝቷል። መብራት ሲጠፋ ያ ሁሉ ዓይን ወደ እኔ ይዞራል፤ የእኔም ቀን ያቺው ነበረች። አንድ ነገር ግን እመሰክርለታለሁ፤ ፕላዝማ ሰርዞኝ አያውቅም።

ወደ ሰረዘችኝ ልጅ፣ ወደ የልጅ ልጄ የክፍል ጓደኛ ልመለስ።

ልጆቹ ዊኪው ላይ ወላጆቻቸው ተሰደው ስለኖሩባቸው ቦታዎች ይጽፋሉ። አንድ ማታ የልጅ ልጄ ስልክ ላይ ምን አያለሁ? «ኢታንግ በጊሎ ወንዝ ዳር የነበረ የስደተኞች ካምፕ ነው።» ደሜ ፈላ። ኢታንግ ባሮ ላይ ነው! ጊሎ ያለው ፒኝዶ ነው። እኔ እኮ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ኢታንግ ላይ አስተምር ነበር። ካምፑ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይዞ ነበር። ልጆቹ ደብተር ስላልነበራቸው ዛፍ ሥር ተንበርክከው በጣታቸው አሸዋ ላይ ፊደል ይጽፉ ነበር። ያኔም የተጻፈ የሚያጠፋ አልታጣም፤ ፍየል ነበረች። «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» ላይ ተረማምዳ ታልፋለች። ፍየል ግን ምንጭ አትጠይቅም።

የልጅ ልጄን ስም ተከልዬ ገባሁና «ጊሎ»ን አጥፍቼ «ባሮ» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ሳይ ልጂቷ «ጊሎ»ን መልሳዋለች። ከጎኑ፣ «ምንጭ የለውም» የሚል ማስታወሻ።

ምንጭ? እንዴታ! ብርብርና ገባ ኢሉባቦር ደጋ ላይ ተገናኝተው ባሮ እንደሚሆኑ፣ ባሮም ከፒቦር ጋር ተቀላቅሎ ሶባት እንደሚባል፣ ሶባትም ከማላካል በስተደቡብ ነጭ አባይ እንደሚገባ አንድ በአንድ ዘርዝሬ ለጠፍኩላት። መልስ መጣ፦ «የወንዙን ምንጭ አይደለም። ይህን ከየት አወቁት?»

«ሸሚዜን አጥቤበታለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዘችው።

እንዲህ ስንጻጻፍ ሰነበትን። ለካስ ይህ ጉድ የሚሠራውን ሁሉ ይመዘግባል! ማን፣ በስንት ሰዓት፣ የቱን ፊደል እንደነካ ዝንተ ዓለም ተቀምጦ ይታያል። ክፍሉ በሙሉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ባሮ!!!» ብዬ በሦስት ቃለ አጋኖ መጻፌን አይቷል። ልጄ ሰምታ፣ «አባዬ፣ በዚህ ዕድሜዎ ከሕፃን ጋር ይጣላሉ?» አለችኝ። ሕፃን የሚባል ሰው «ከየት አወቁት?» አይልም። እኔ በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ተማሪ አልገጠመኝም። ደፍሮ ቢጠይቀኝ ምን እንደማደርገው ራሴም አውቃለሁ፤ አሁን አይነገርም።

አንድ ቅዳሜ ልጂቷ አያቷን ይዛ ምግብ ቤት ከች አለች። ቁመቷ ዝቅ ያለች፣ ቀጭን፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ የምትናገር ልጅ ናት። አያቷ ረጅም ናቸው፤ በሩን ጎንበስ ብለው ነው የገቡት። «ደህና ዋልክ?» አሉኝ በአማርኛ። ኢታንግ ነበሩ! በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ደርግ ሲወድቅ ልጅ አዝለው በእግራቸው ወደ ናሲር ከተመሙት ናቸው። ሠላሳ ዓመት አልፎ የቀራቸው አማርኛ «ደህና ዋልክ»፣ «ስኳር የለም» እና «ተሰለፉ» ነው። «ባሮ፣ ባሮ» አሉ፤ ከዚያ ሁለት እጃቸውን እንደ አዞ መንጋጋ ገጥመው ጠረጴዛው ላይ ጧ አደረጉት። አዞውን እኔም አስታወስኩት። ባልዲ ሳይቀር ይወስድ ነበር።

ልጂቷ ስልኳን ደቅና ሁለታችንንም ቀዳችን። በመምህሩ ሕግ ቃለ መጠይቅ ምንጭ ነው። ቡናው እስኪፈላ «ጊሎ» ወጥቶ «ባሮ» ገባ። እኔም የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር 3 ሆንኩ።

የልጅ ልጄ አነበበልኝ፦ «ጡረታ የወጡ መምህር፣ 84 ዓመት፣ ቃለ መጠይቅ፣ ጁባ።»

ሰማንያ አራት! ፊቴን አይታ ነው የገመተችው። «74 ነው በላት» አልኩት።

ጻፈላት። ከሁለት ደቂቃ በኋላ መለሰች፤ ለዚህ ለዚህ ኔትወርኩ አይሰንፍም። «አባባ፣ ምንጭ ትላለች። ፓስፖርትዎን ፎቶ አንስቼ ልላክላት?»

ፓስፖርቴ 69 ነው የሚለው። መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ አምስት ዓመት ቀንሼ ተመዝግቤ፣ ያው እስከ ዛሬ ወረቀት ከወረቀት እየተገለበጠ መጥቷል።

«84ቱ ይቀመጥ» አልኩት።