ውዳሴ ዘመንበረ ሚኒባስ

ከሶዶ መናኸሪያ ተነሥቶ በሁምቦ ወደ አርባ ምንጭ፣ በቦዲቲ ወደ ሀላባ፣ በአረካ ወደ ሆሳዕና የሚጓዘውን ሚኒባስ ውስጡን ያሰናዳው ብልህ እጅ የማን እንደ ሆነ ባላውቅም፣ ለሦስት ሰው በተሠራ አግዳሚ ላይ አራተኛውን ሊያስገባ ረዳቱ «ጠጋ በሉ እንጂ ጋሼ፣ ይሄም ሰው ነው!» ባለ ቁጥር፣ ለዚያ እጅ የሚገባውን ውዳሴ እስከ ዛሬ ሳላቀርብ መቅረቴ እንደ ዕዳ ይከብደኝ ጀምሯል።

የቀደሙት ሰዎች ስለ መቀመጫና ስለ መኝታ የነበራቸው አሳብ ምንኛ ያልሠለጠነ ነበር! የባሳን ንጉሥ ዐግ የብረት አልጋው ርዝመቱ ዘጠኝ፣ ወርዱ አራት ክንድ እንደ ነበረ ኦሪት ዘዳግም ይመሰክራል፤ ይህም ማለት ሰውየው አልጋውን በራሱ ልክ አሠራ እንጂ ራሱን በአልጋው ልክ ያሳጥር ዘንድ ከቶ አላሰበም። ካህኑ ዔሊም ሸምግሎና ሰውነቱ ከብዶ ሳለ ከወንበሩ ወደ ኋላ ወድቆ አንገቱ ተሰብሮ እንደ ሞተ እናነባለን፤ በእኛ ሚኒባስ ተሳፍሮ ቢሆን ኖሮ ግን ወደ ኋላም ሆነ ወደ ፊት የሚወድቅበት ስፍራ ስለማያገኝ ያ ሁሉ ባልደረሰበት ነበር።

መንፈሳዊ ጥቅሙስ? የዳሞቱን ንጉሥ ሞተለሚን እንዳሳመኑ ገድላቸው የሚተርክላቸው ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው ጸለዩ፤ በድፍረት አይቆጠርብኝና፣ እኛ ኃጥኣን ደግሞ እስከ አርባ ምንጭ ያለውን 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በአንድ ጎን መቀመጫችን ብቻ ተንጠልጥለን እንዘልቀዋለን፤ ደግሞም ከነሻንጣችን ነው።

ይሁን እንጂ ወንበር ያለ ልክ፣ ልክም ያለ ሰው አይገኝምና፣ ይህ አግዳሚ የተለካበት አንድ ሰው በምድር ላይ መኖሩ የግድ ነው። ትከሻ የሌለው፣ ጭኑ ከጀመረበት አንድ ስንዝር ሳይርቅ የሚያበቃ፣ ሲተነፍስም ደረቱ የማይነሣ ይህ ሰው እስከ ዛሬ ሳይከበር መቅረቱ ያሳፍራልና፣ ኮሚሽን ተቋቁሞ አግዳሚው ከነብሎኑ ይፈታ፣ በሁለት ተሸካሚዎችም ከወረዳ ወደ ወረዳ በየገበያው ቀን እየዞረ ሕዝቡ ሁሉ ይለካበት። ገበሬው ይቀርባል፤ የእንሰት ጉድጓድ ሲቆፍር የኖረ ትከሻው አያስገባውም። እንሰት የምትፍቀው እናት ትቀርባለች፤ ክንዷ ከጎረቤቷ ስፍራ ግማሹን ይወስዳል፣ ያዘለችው ሕፃን ደግሞ የኋለኛውን ረድፍ ይዞ ያለቅሳል። በ1999 ዓ.ም. በሶዶ ከተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ አንድ መምህር ይቀርባሉ፤ ጉልበታቸው የፊተኛውን ሰው ኩላሊት ይወጋል። (የአሜሪካ አየር ኃይል በ1950 እ.ኤ.አ. ግድም 4,063 አብራሪዎችን አስለክቶ፣ በዐሥሩም የሰውነት ልክ አማካይ የሆነ አንድ ስንኳ ባጣ ጊዜ ሰዎቹን ከመውቀስ ይልቅ ወንበሩ እንደየሰዉ የሚስተካከል እንዲሆን አዘዘ፤ ትዕግሥት ማጣት ማለት ይህ ነው።) የእኛ ኮሚሽን ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ሐምሌንና ነሐሴን ዞሮ፣ የቤት እህል ባለቀበት በዚያ ወራት ከደሞታ ተራራ ማዶ የተፈለገውን ሰው ያገኛል! ይቀመጣል፤ ልክ ይሆናል፤ እልል ይባላል፤ ዱንጉዛ ይለብሳል፤ ምስሉ በየሚኒባሱ መስተዋት ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወዲያ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ይገባል። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ባጠራቀሙት ገንዘብ በሬው ይታረዳል፣ ሴቶቹ ያኖሩት ቅቤ ይወጣል፣ ጥሬ ሥጋው በዳጣ ይበላል፤ ሰውየውም እንደ ሰው ሳምንት ሲበላ ሰንብቶ ቢመለስ ወገቡ በሁለት ጣት ሰፍቶ አግዳሚው አልቀበልህ ይለዋል። ኮሚሽኑም አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ፣ «ወንበሩ ይስፋ ወይስ በዓሉ ይቅር?» በሚለው ጉዳይ ላይ ከመከረ በኋላ በዓሉ እንዲቀር በድምፅ ብልጫ ይወስናል።

እንግዲህ ይህ ወንበር የሚመጥነው የተራበ ሰውን ብቻ ነው።

ባጃጁን፣ በቢሮው ደጅ የተደረደሩትን ባለ ብረት ክንድ ወንበሮች፣ ለግራኝ ተማሪ መጻፊያው በቀኝ የተሠራለትን የክፍል ወንበር ለሌላ ውዳሴ አቆያቸዋለሁ። በገዛ አገራችን ከአንድ ግንድ የሚጠረበው በርጩማ ክንድም መደገፊያም ስለሌለው ቀጭኑንም ወፍራሙንም ሳይጠይቅ ይቀበል እንደ ነበር ማንሣቱ ደግሞ የሥልጣኔ ጠላት ያሰኛል።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። ሂሳብ የሚሰበሰበው በሰው ራስ ነው፤ አንድ ረድፍ በተጨመረ ቁጥር ሦስት አራት ሰው ይጨመራል፤ ስለዚህ አግዳሚዎቹ በብየዳ ይቀራረባሉ፣ የሚጠበውም የተሳፋሪው ጉልበት እንጂ የባለቤቱ ኪስ አይደለም። በዚህ በወላይታ፣ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ሲሠሩ ከኖሩት መካከል እግራቸው በፖዶኮንዮሲስ ያበጠ ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዲት እናት እግራቸው ከአግዳሚው ሥር አልገባ ብሎ ወደ መተላለፊያው ቢዘረጉት፣ ረዳቱ «እማማ፣ የሁለት ሰው ይክፈሉ» ሲላቸው ሰምቻለሁ። እርሳቸውም ከመቀነታቸው ፈትተው ከፈሉ። ይህ ነውር ነው፤ ሌላ ስም የለውም፤ ዝም ብለን የተቀመጥነውም፣ መቀመጥ ከተባለ፣ ነውሩን ተካፍለናል።

አንዱን ረድፍ ፈትቶ ማውጣት ለብየዳ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የሚጎድለው ሂሳብም በቀረነው ላይ ቢከፋፈል በነፍስ ወከፍ ጥቂት ብር ቢደርስ ነው፣ እኔ በበኩሌ ያለ ክርክር እከፍላለሁ። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ጋቢና ለመያዝ ገና ጎሕ ሳይቀድ መናኸሪያ መድረስ ነው፤ እዚያም ቢሆን በመስኮት በኩል ያለውን ካልቀደሙ፣ መካከል የሚቀመጠው ተሳፋሪ ማርሹን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ ሾፌሩ ሁለተኛ ባስገባ ቁጥር ይቅርታ ይጠይቃል።