አንድ ድል ይዞ መቶ በመቶ

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ነው፣ መስከረም 2017 ዓ.ም.፣ ዓርብ ጠዋት። አማን ላለን ሰዎች ዓርብ ዕረፍት ነው። የጋዝ መኪናው የቤትሆቨንን ዜማ እያሰማ ዳገቱን ይወጣል፤ እኔ ልቆላ የቡና ፍሬ እለቅማለሁ። ስልኬ ጮኸ። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ከአዲስ አበባ።

«እትዬ፣ ሐሙስ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ዮርዳኖስ ኮሪያን ታሸንፋለች። እዚያው እናንተ ዘንድ፣ አማን ላይ። መቶ በመቶ!»

«መቶውን ማን ቆጠረው?»

«ባለፈው ሲገናኙ 2 ለ 0 አሸንፋታለች እኮ!»

«ስንቴ?»

«አንዴ።»

«አንዴማ በጥርም ይዘንባል። ጥር ክረምት ነው?»

ጨዋታው እውነትም በጥር ነበር። ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም. ኳታር ላይ፣ የእስያ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ። በፊፋ ደረጃ 87ኛ የነበረችው ዮርዳኖስ 23ኛዋን ደቡብ ኮሪያን በያዛን አል-ናይማትና በሙሳ አል-ተዕማሪ ጎሎች አሰናበተቻት። ኮሪያ ወደ ጎሉ አቅጣጫ የሄደ አንድ ምት እንኳ አልነበራትም። የዚያን ሌሊት መንገዱ በመኪና ጡሩምባ ሲናወጥ አደረ፤ እኔም መስኮቴን ከፍቼ ከልቤ ተደስቻለሁ። ወንድሜ የሚያውቀው ግን ያችን ሌሊት ብቻ ነው።

«ከዚያ በፊትስ ስንት ጊዜ ተጋጥመዋል?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ስድስት ጊዜ፣ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ። ኮሪያ ሦስቱን ረታች፣ በሦስቱ አቻ ወጡ። ዮርዳኖስ አንድም አላሸነፈችም። በአንተ ቆጠራ ጥር 27 ላይ ዕድሏ ስንት ነበር?»

ዝም አለ።

«ዜሮ። ጥር 29 ላይ ደግሞ መቶ። ቡድኑ ነው በሁለት ቀን እንዲህ የተለወጠው ወይስ ቆጠራህ ነው የተጣመመው?»

«አንቺ አማን ተቀምጠሽ ኮሪያን ነው የምትደግፊው?»

«ልቤማ ከነሻማዎቹ፣ ከዮርዳኖስ ቡድን ጋር ነው። የነገርከኝ ግን ሂሳብ ነው፤ በሂሳብ መለስኩልህ።»

ከለቀምኩት ፍሬ ዘገን አድርጌ ሰፌዱ ጥግ ላይ በሦስት ቦታ ደረደርኩ፤ አንዱ ለዮርዳኖስ ድል፣ አንዱ ለአቻ፣ አንዱ ለሽንፈት። እስከ ጥር 27 ድረስ የድሉ ቦታ ባዶ ነው፣ አቻ ሦስት፣ ሽንፈት ሦስት። ሰውን የሚያሳስተው ያ ባዶ ቦታ ነው። ስድስት ጊዜ አልሆነም ማለት አይሆንም ማለት አይደለም፤ ያየነው ጥቂት ነው ማለት ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለዚህ ዓይነቱ ነገር ቀላል መላ አበጅቷል። ገና ምንም ሳታይ፣ ሊሆን ለሚችለው ለእያንዳንዱ ውጤት አንዳንድ ፍሬ አስቀድመህ አኑር፤ ያየኸውን ከዚያ ላይ ጨምር። አኖርኩ። ድል 1፣ አቻ 4፣ ሽንፈት 4 ሆነ። ከዘጠኝ አንድ፣ ማለትም 11 ከመቶ ገደማ። የጥር 28ቱን ድል ስጨምርበት ከአሥር ሁለት፣ 20 ከመቶ። ከዜሮ ወደ መቶ የሚዘል ነገር የለውም፤ ከ11 ወደ 20 ከፍ አለ። ይህንኑ ነገርኩት።

«አገሯ ላይ እኮ ነው የምትጫወተው!»

«እሺ፣ ለሜዳዋ ጨምርላት። 30 በል፣ 35 በል። እስከ መቶ የሚያደርስ ሜዳ ግን የለም። ደግሞ ጥር 28 ለት የኮሪያው ተከላካይ ኪም ሚን-ጄ በቢጫ ካርድ ቅጣት አልተሰለፈም። ኮሪያም ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት ጨዋታዎች 120 ደቂቃ ነበር የሮጠችው። ይህን ሁሉ ከሰፌዱ ላይ የትኛው ፍሬ ይነግርሃል?»

«ተይው እሱን። ቴሌግራም ላይ ጨዋታ የሚሰጠን ልጅ አለ፤ አምስት ለአምስት ገብቶለታል። እሱም ዮርዳኖስ ብሏል።»

«እንደሱ የሚሰጡ ስንት ናቸው?»

«መዓት!»

«32 ሰው ሳንቲም እየወረወረ ቢገምት፣ ከመካከላቸው አንዱ አምስቱንም በተከታታይ ይመታል ተብሎ ይጠበቃል። አንተ ያየኸው የመታውን ነው። የሳቱት 31ዱ ስለ ራሳቸው አያወሩም።»

«ታዲያ ስንት ጨዋታ አይቼ ልመን?»

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የዚያን ቀን የጠየቀኝ ብቸኛው ጥሩ ጥያቄ። 100 ጨዋታ ቢያይ እንኳ ግምቱ በ10 ከመቶ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት ይችላል። በስድስት ጨዋታ ደግሞ ስህተቱ 40 ከመቶ ይደርሳል። ሁለት ብሔራዊ ቡድኖች መቶ ጊዜ አይጋጠሙም፤ ቢጋጠሙም የ1996ቱ ተጫዋቾች ዛሬ የሉም። ፊፋ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጠቀመው ነጥብም ሁለቱ ቡድኖች እርስ በርስ ያደረጉትን ብቻ ሳይሆን ከሌላው ሁሉ ጋር ያደረጉትን የሚደምር ነው። በዚያ ቀመር የ200 ነጥብ ብልጫ ያለው ቡድን ከጨዋታው ይጠበቅለታል የሚባለው ድርሻ 68 ከመቶ ያህል ነው፤ አቻ እንደ ግማሽ ድል ተቆጥሮ። ያን ያህል በልጦም 68 ብቻ!

«እኛስ ግብፅን አላሸነፍናትም?» አለኝ። ነካኝ።

«አሸነፍናት። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ ላይ፣ 2 ለ 0። እኔም እዚህ አልቅሻለሁ። የማጣሪያ ምድቡን ግን የጨረስነው የመጨረሻ ሆነን ነው።»

«በ1954ስ የአፍሪካ ዋንጫን አልወሰድንም?»

«ወስደናል፣ ማንም አይነጥቀንም። ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2። የተጫወትነውም እነዚያን ሁለት ጨዋታዎች ብቻ ነው። ዋንጫ የሚሰጠው ለሆነው ነው፤ አንተ የምትገምተው ገና ያልሆነውን ነው። ሁለቱን አታምታታብኝ።»

ከዚያ ድምፁ ቀነሰ። «እትዬ… የውርርድ ትኬቱን ቆርጫለሁ።»

«በስንት?»

«በላክሽው።»

የላክሁት ለእናታችን መድኃኒት ነበር። እጄ ሰፌዱን መታው፤ ፍሬው ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። ብዙ ተናገርኩት፤ እዚህ አልደግመውም። አንዱን ግን እደግመዋለሁ፣ ትኬት ቆርጦ በረንዳ ላይ ለቆመ ልጅ ሁሉ ይሆናልና፦ «20 ከመቶ ማለት ከአምስቱ አራቱን ጊዜ እናታችን መድኃኒት የላትም ማለት ነው።»

ሐሙስ መስከረም 30 አማን ስታዲየም ሞላ። ኮሪያ 2 ለ 0 አሸነፈች። ወንድሜ አልደወለም፤ እኔም አልደወልኩም። መጋቢት 16 ቀን ኮሪያ ሱዎን ላይ እንደገና ተገናኝተው 1 ለ 1 ወጡ። ዘጠኙ ግጥሚያ ሲደመር ዮርዳኖስ 1 ድል፣ 4 አቻ፣ 4 ሽንፈት አላት፤ ከጥር 27ቱ ሰፌድ ጋር ፍሬ በፍሬ አንድ ነው። ይህ ገጠመኝ ነው፤ በሦስት ጨዋታ ተማምኜ የላፕላስን መላ ትንቢት ነው ብል የወንድሜን ስህተት መድገም ይሆንብኛል።

ግንቦት 28 ነሻማዎቹ ኦማንን ሙስካት ላይ 3 ለ 0 ረትተው ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፉ። ያን ማታ ወንድሜ ደወለ። «እንኳን ደስ አለሽ እትዬ፣ አገርሽ አለፈች» አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስለ ትኬት አልተነሳም።

ገንዘቡን አሁን የምልከው በእናታችን ስም ነው።